ሕጉ ስም ያልሰጠው በደል

ሳምንታዊ የሕግ ትምህርት ዝግጅት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦

    

የዛሬው ጉዳይ ከበድ ይላል። ትንንሽ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ወጣ ብለው ይጫወቱ። ጉዳቱ በራሳችሁ ላይ የደረሰ ካላችሁ ደግሞ፣ ልብ የሚረብሽ ነገር ሲመጣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጉት፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ጥያቄዬን ላስቀድም። ሁለት ገበሬዎች በመስኖ ውኃ ተራ ተጣሉ እንበል። አንዱ ሌላውን ገደለ። ሕጉ ይህን ምን ይለዋል? የሰው መግደል ወንጀል ይለዋል። ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ምስክር ይሰማል፣ ዳኛ ይፈርዳል። እስከዚህ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ሌላ ነገር አስቡ። የታጠቀ ኃይል መንደር ገባ። ቤት ለቤት ዞረ። መሣሪያ ያልያዘውን ሰው እየለየ ገደለ። በሚቀጥለው መንደርም እንዲሁ አደረገ፣ በሦስተኛውም። ይህንንስ ሕጉ ምን ይለዋል?

(ፋታ)

መልሱ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የወንጀል ሕጋችን ለዚህ ዓይነቱ በደል፣ ለጠቅላላው ድርጊት፣ የተሟላ ስም የለውም። ዘለላውን አንድ በአንድ እያነሳ ይቆጥራል እንጂ ማሳውን አያይም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ምንድን ነው? የሕግ ሰዎች የሚከራከሩት በምን ላይ ነው? እናንተ ቤት የሚገባውስ በየት በኩል ነው?

(አጭር ሙዚቃ)

ያለፍንበትን እናውቀዋለን። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ወልድያና መርሳን ጨምሮ አብዛኛው ሰሜን ወሎ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በአማራና በአፋር ክልሎች ሲቪሎች መገደላቸውን፣ ሴቶች መደፈራቸውን፣ የጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች መዘረፋቸውን መዝግቧል። በአየር ድብደባና በከባድ መሣሪያ ያለቁ ሲቪሎችንም መዝግቧል። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ተመልሶ መጣና የቆቦ ሕዝብ እንደገና ተፈናቀለ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት አለ፤ እሱንም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሕግ የሟቹን አስከሬን አይቶ የገዳዩን መለዮ አይመርጥም። የትኛውም ወገን ያደረሰው፣ መንግሥትም ይሁን ተቃዋሚ፣ ትናንትም ይሁን ዛሬ፣ በሲቪል ላይ የተፈጸመ ግፍ ግፍ ነው። የምናገረው ሁሉ በዚህ መንፈስ ይሰማልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሕጉ እንግባ። በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በ1996 የወጣ ነው፤ መሥራት የጀመረው በ1997 ነው። አንቀጽ 269 ዘር ማጥፋትን ይከለክላል። አንቀጽ 270 በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይከለክላል። ሁለቱም እስከ ዕድሜ ልክ፣ ሲከፋም እስከ ሞት ያስቀጣሉ። ጠንካራ አንቀጾች ናቸው፤ ይህን ማቃለል አይገባም።

ታዲያ ክፍተቱ የቱ ጋ ነው?

ዘር ማጥፋት ለማለት ዐቃቤ ሕግ አንድ ከባድ ነገር ማስረዳት አለበት፤ ገዳዩ ያንን ቡድን በሙሉም ሆነ በከፊል ለማጥፋት አስቦ እንደነበር። ሐሳብን ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው። የጦር ወንጀል ለማለትም ጦርነት መኖር አለበት። ጦርነት ባልተባለበት ጊዜ፣ ሰዎች በማንነታቸው ወይም በአመለካከታቸው ምክንያት በተደራጀ መንገድ ሲገደሉስ? ቡድኑን የማጥፋት ሐሳብ ደግሞ ባይረጋገጥስ? ያን ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ተመልሶ ወደ ተራ ግድያ አንቀጽ ይወርዳል። የአንድ መንደር እልቂት እንደ ውኃ ተራው ጠብ ይከሰሳል።

በሌላው ዓለም ለዚህ መሐል ቤት ስም ተሰጥቶታል፤ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል። ምን ማለት ነው? በሰላማዊ ሕዝብ ላይ በስፋት ወይም በተደራጀ መንገድ የሚካሄድ ጥቃት አካል ሆኖ፣ ጥቃቱ መኖሩን እያወቁ መግደል፣ መድፈር፣ ማሰቃየት፣ ሰውን መሰወር። ጦርነት መኖሩ ግዴታ አይደለም። ዘርን የማጥፋት ሐሳብም አያስፈልግም። ልድገመው፦ ጦርነት የግድ አይደለም፣ ዘር የማጥፋት ሐሳብም የግድ አይደለም። የሚታየው የጥቃቱ ስፋትና አደረጃጀት ነው።

ይህ ስም በወንጀል ሕጋችን ውስጥ ራሱን ችሎ፣ ተተርጉሞ፣ ቅጣት ተበጅቶለት አልተጻፈም።

ልብ በሉ፣ ሕገ መንግሥቱ ግን ያውቀዋል። አንቀጽ 28 እንዲህ ይላል፣ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፦ ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወር፣ ኢሰብአዊ ድብደባ፣ እነዚህን የፈጸመ ሰው በይርጋ አያመልጥም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም። እንዴት ያለ ጥሩ ቃል ነው! ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ወንጀሎቹን ዘርዝሮ የሚወስነውን ሥራ ለዓለም አቀፍ ስምምነቶችና ለሌሎች የአገሪቱ ሕጎች ትቶታል። ሌሎቹ ሕጎች ደግሞ ሥራቸውን አልጨረሱም። ሰውን አስገድዶ መሰወር በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ አንቀጽ የለውም። ማሰቃየትም ቢሆን አንቀጽ 424 የሚይዘው በእጁ ያለን ሰው የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛን ነው። አሰቃዪው የመንግሥት ሠራተኛ ካልሆነስ? የአካል ጉዳት ማድረስ ተብሎ ይከሰሳል።

(ፋታ)

አንድ ሌላ ክፍተት አለ፤ በእኔ ዕይታ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። ግድያውን ያዘዘ አዛዥ በሕጉ ይያዛል፤ አንቀጽ 270 የሚያደራጅንም የሚያዝንም ይጠቅሳል። ያላዘዘው፣ ግን ወታደሮቹ የሚያደርጉትን እያወቀ ዝም ያለውስ? ማስቆም ሲችል ያላስቆመው፣ በኋላም ያልቀጣው አዛዥስ? ለዚህ ግልጽ አንቀጽ የለንም። መንደር ውስጥ የገባውን ወጣት ተዋጊ ስሙን የሚያውቀው የለም። አዛዡን ግን ሰው ያውቀዋል፤ ሬዲዮም ላይ ይናገር ነበር። ሕጉ የማይታወቀውን እየፈለገ የሚታወቀውን የሚያልፍ ከሆነ ተበዳይ ምን ይበል?

(አጭር ሙዚቃ)

አንዳንዶቻችሁ ትሉ ይሆናል፦ ታዲያ አዲስ ሕግ ይውጣ፣ ምን ችግር አለ?

ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22 አንድ ትልቅ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሰው ሲሠራው ወንጀል ባልነበረ ነገር ሊቀጣ አይችልም። ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ ሰው አይዝም። ይህ መርሕ ለሁላችንም ነው፤ ዛሬ በጠላታችን ላይ ብናፈርሰው ነገ በልጃችን ላይ ፈርሶ እናገኘዋለን። ስለዚህ አንዳንድ የሕግ ባለሙያዎች፣ አሁን የሚወጣ ሕግ በ2013 የተፈጸመውን ሊይዝ አይችልም ይላሉ።

ሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ይመልሳሉ። ሰላማዊ ሰው መግደልና ሴት መድፈር በ2013ም በየትኛውም ጊዜ ወንጀል ነበሩ፤ ማንም አልፈቀዳቸውም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 15፣ ድርጊቱ ሲፈጸም በአገሮች ሁሉ ዘንድ በታወቁ መርሖች ወንጀል ከነበረ መክሰስ አይከለከልም ይላል። የተቀበልናቸው ስምምነቶች ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

እኔ ወደ ሁለተኛው ወገን አደላለሁ፤ በአንድ ሁኔታ። አዲሱ ሕግ ለአሮጌው ድርጊት ትክክለኛ ስሙን ይስጠው፣ ቅጣቱ ግን ድርጊቱ ሲፈጸም ከነበረው ቅጣት አይብለጥ። እንዲህ ከሆነ ተከሳሹም አልተበደለም፣ ተበዳይም ስሙን አግኝቷል። ስም ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ የሞተበትን ሰው ይጠይቀው። ልጇን ያጣች እናት ወንጀሉ እንደ ሰካራም ጠብ ሲነበብ ችሎት ተቀምጣ ብትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አይከብድም።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ አገራችን እንዲህ ያለ ነገር ዳኝታ ታውቃለች? አዎ፣ ታውቃለች።

ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ስምምነቱን በ1941 ከየትኛውም አገር ቀድማ አጽድቃለች። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በቁጥር 281 ከዓለም አቀፉ ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድንን ጭምር እንዲጠበቅ አድርጎ ነበር። ከዚያ በደርግ ዘመን ቀይ ሽብር መጣ። ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ አባቶችና እናቶች፣ የዚያን ዘመን ወልድያን ታስታውሳላችሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የደርግ ባለሥልጣናቱ ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተከፈተ፣ የጥፋተኝነት ፍርዱም በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ሆኖ በሌለበት ተፈረደበት፤ በመጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በይግባኝ ደግሞ በግንቦት 2000 ሞት።

አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ክስ ነው። መዘግየቱ ብዙ ሰው አስመርሯል፤ ምስክሮችም ሳይሰሙ ሞተዋል። ቢሆንም ዐቃቤ ሕጉ የያዘው አንድ ነገር ነበረ፤ አስቀድሞ የተጻፈ አንቀጽ። በፖለቲካ አመለካከታቸው ምክንያት የተገደሉት ወጣቶች ጉዳይ ዘር ማጥፋት ተብሎ የቀረበው ቁጥር 281 ከወንጀሉ በፊት ስለተጻፈ ነው። ክርክር አልጠፋም፤ አንድ ዳኛ በሐሳብ ተለይተዋል። ግን የሚከራከሩበት ሕግ ነበራቸው። በጊዜው የተጻፈ ሕግ ከብዙ ዓመት በኋላም እንዲህ ይሠራል።

(ፋታ)

ወደ ዛሬው እንመለስ። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲያወጣ አስገደደ። ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎት፣ እውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ይኑር ይላል። የውጭ ዳኞች ይግቡበት ያሉ ነበሩ፤ ፖሊሲው ግን በአገር ውስጥ ዳኞች ይሁን አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ፖሊሲ ሕግ አይደለም። እደግመዋለሁ፤ ፖሊሲ ሕግ አይደለም። ዳኛ በፖሊሲ አይፈርድም፣ ዐቃቤ ሕግም በፖሊሲ አይከስም። የወንጀሉ ትርጉም፣ የዝም ባዩ አዛዥ ተጠያቂነት፣ የምስክር ጥበቃ፣ የካሳው ነገር፣ ሁሉም በአዋጅ መጻፍ አለበት። በየስብሰባው «ፖሊሲ አለን» ሲባል ስትሰሙ፣ «አዋጁስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እርቅስ? ይህን ሳላነሳ ብቀር ወሎዬ አልባልም። እኛ ጋ አበጋሮች አሉን፤ በራያ በኩል ደግሞ የዘወልድ ሥርዓት አለ። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድነት አስቀምጠው፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ካሳው ተከፍሎ ያስታርቃሉ። ይህ ባይኖር ስንት ሰው በበቀል ባለቀ ነበር።

ግን ሕጉ ለእርቁ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። ነፍስ ሲጠፋ የሽማግሌ እርቅ መንግሥትን ከመክሰስ አያግደውም። ይህ ራሱ ክፍተት ፈጥሯል። ገዳይ ታርቆ ካሳ ከፍሏል፣ ፖሊስ ደግሞ ይፈልገዋል። ምስክሮቹ «ታርቀናል» ብለው ዝም ይላሉ፣ መዝገቡም ይዘጋል። ጎረቤት ከጎረቤት ለተጣላበት ነገር ይህን በሕግ ማስተካከል ይቻላል፤ መስተካከልም አለበት። መንደር ሙሉ ላለቀበት ጉዳይ ግን አበጋር የክስን ቦታ ሊተካ አይችልም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ይቅርታም ሳይጠየቅ፣ ተበዳይ ብቻውን ከማን ጋር ይታረቃል?

(ፋታ)

ስለ ምስክርም ጥቂት። አዋጅ ቁጥር 699/2003 በከባድ ወንጀል ለሚመሰክር ሰው ጥበቃ ይሰጣል፤ ማንነቱን መደበቅ፣ ቦታ ማዛወር ሳይቀር ይፈቅዳል። በትልቅ ከተማ ይህ ይሠራል። እንደ ሐብሩ ባለ የገጠር ወረዳ ውስጥስ? ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት ቀበሌ፣ መሬቱን ትቶ መሄድ በማይችል ገበሬ ላይስ? ተኩስ ገና ባልቆመበት አካባቢ «ና መስክር» ማለት ከባድ ነው። ይህ በአንድ አንቀጽ የሚስተካከል አይደለም፤ የአካባቢው ሰላም ራሱ የምስክር ጥበቃ ነው።

ለተደፈሩ እህቶቻችን ደግሞ ይህን ልበል። ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ጤና ጣቢያው ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የሐኪም ወረቀት አላገኛችሁም። ሕጉ ግን ያለ ሐኪም ማስረጃ መዝገብ አይከፈትም አይልም። ቃላችሁ ማስረጃ ነው። ለማን እንደነገራችሁ፣ መቼ እንደነገራችሁ፣ ያ ሁሉ ይቆጠራል። ዛሬም ሐኪም ማየት ለጤናችሁም ለመዝገቡም ይጠቅማል። አብሽሩ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቤታችሁ ጉዳይ። ካሳ መጠየቅ ይቻላል ወይ? ጊዜውስ አላለፈም ወይ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2143 የጉዳት ካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ይህን ይዘው «ይርጋ አልፎታል» የሚሏችሁ ይኖራሉ። እዚያው ቁጥር ላይ ግን ሌላ ቃል አለ፤ ጉዳቱ የመጣው ከወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት የሚረዝም ከሆነ፣ ካሳውም በረዥሙ ይርጋ ይሄዳል። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት አለፈ ተብላችሁ ብቻ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። ወንጀለኛው ተይዞ ከተከሰሰም፣ በዚያው የወንጀል ችሎት ላይ ካሳ እንዲወሰን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ይፈቅዳል።

ወንጀለኛው ካልተገኘስ? ክፍተቱ እዚህ ጋ ያፈጣል። የሚከፍል ተከሳሽ ከሌለ ተበዳይ ወዴት ይሂድ? ለረዥም ዓመታት በእርስ በርስ ጦርነት የተጎዳችው ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 የተበዳዮች ሕግ አወጣች። ተበዳዮች በአገር አቀፍ መዝገብ ይመዘገባሉ፣ ገዳዩ ባይታወቅም መንግሥት ካሳውንና የተቀማውን መሬት ማስመለሱን በኃላፊነት ይይዛል። አፈጻጸሙ ከችግር የጸዳ አይደለም። ግን ተበዳዩ የሚያንኳኳው በር አለው። ለእኛም እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

(ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ ይገባና ይወርዳል)

የመጨረሻው ጉዳይ የጠፉ ሰዎች ነው። በዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ ቤት ነክቷልና።

አንዲት እናት እናስብ። ባሏ በ2013 ክረምት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሞቷል የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። በፌስታል ጠቅልላ የያዘችው የእሱን ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቀበሌ መታወቂያውን ቅጂና የመሬት ደብተሩን ነው። ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም አለ። መሬቱን ለማከራየት ስትሄድ «ባልሽ ይምጣ» ይሏታል። በእሱ ስም ያለውን ጥቂት ገንዘብ ልታወጣ ስትሄድ «የሞት ማስረጃ አምጪ» ይሏታል። እሷ ደግሞ ሞቷል ብላ መናገር አልቻለችም፤ አንደበቷ አይታዘዝላትም።

ሕጉ ለዚህች ሴት መንገድ አለው? አለው። ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 154 ጀምሮ ስለ መጥፋት ይናገራል። አንድ ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመት ከሆነውና ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ በፍርድ ይነገርልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ልድገመው፤ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው። ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ ማመልከት ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ እንዲነገር ያደርጋል፣ የሚያውቁትን ይሰማል፣ ከዚያ ይወስናል።

ውሳኔው ሲሰጥ ምን ይሆናል? ወራሾች ንብረቱን በሕግ መረከብ ይችላሉ። ሰውየው አንድ ቀን ቢመለስ፣ ያድርገውና፣ ንብረቱን በተገኘበት ሁኔታ መልሶ ይረከባል። አንድ ከባድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ መጥፋቱ በፍርድ ሲነገር ጋብቻው ይፈርሳል። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ ማመልከቻውን ይተዉታል። አልፈርድባቸውም። ለንብረቱ ብላ ትዳሯን በወረቀት እንድታፈርስ የሚያስገድድ ሕግ ለጦርነት ጊዜ አልተሰፋም። ሰውየው ጠፍቷል፣ ቤተሰቡ ይረዳ፣ ጋብቻው ግን ይቆይ የሚል የተለየ ሥርዓት በሕግ ቢበጅ ይህች እናት በትዳሯና በልጆቿ ጉሮሮ መካከል አትመርጥም ነበር። የሕግ ክፍተት ስንል ከአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሽ ወርዶ መርሳ ድረስ የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው።

(ፋታ)

የሽግግር ፍትሕ አዋጁ እስኪወጣ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ዛሬ ማታ፣ ከቤተሰቡ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ጥሩና በደብተር አስጽፉ። የሟቹ ወይም የጠፋው ሰው ሙሉ ስም። ቀኑ፤ በትክክል ካልታወቀ «ከፍልሰታ ጾም በኋላ» ወይም «ከመውሊድ በፊት» ብላችሁ ጻፉ። ቦታው፤ ከየትኛው ወንዝ ማዶ፣ ከማን ቤት አጠገብ። ያየ ሰው ስም። ምን ለብሶ እንደነበር። የተዘረፈውን ከብትና እህል፣ የተቃጠለውን ቤት ከነቆርቆሮው ብዛት። ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ። የሰማችሁትን «ሰማሁ»፣ ያያችሁትን «አየሁ» በሉ፤ ዳኛ ፊት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ደብተሩን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን ሌላ የምታምኑት ቤት አስቀምጡ።

ለጠፋ ሰው የምታመለክቱ ደግሞ ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምክር ጠይቁ፤ ለሐብሩ መርሳ ነው። የዳኝነት መክፈል አልችልም የምትሉም አትቅሩ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ፣ መክፈል የማይችል ሰው ይህንኑ አስረድቶ በደሃ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ።

የደሃ ደንብ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ቃል በቃል አነብላችኋለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)